ከመክፈቻው ያወጣኋት መስመር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ኬክ ቆረሰልኝ፤ ጋቢም አለበሰኝ። አለቃዬ ዕድሜዋ ከልጄ የማይበልጥ ሴት ናት። ተነሥታ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እዚህ በሠሩበት ዘመን ሁሉ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም ብላ ስታመሰግነኝ ሰዉ ሳቀና አጨበጨበ። የሳቁት ጠባዬን ስለሚያውቁት ነው። ኮምፒዩተሩ ቀኑን አትሞ ባወጣው ደብዳቤ ላይ እኔ በእስክርቢቶ ቀኑን ደግሜ እጽፍበታለሁ። አሮጊቷ ማሽኑን አታምነውም ይላሉ። አይ ልጆቼ፣ የማላምነው ማሽኑን አይደለም።

ይህን ነገር ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግማሹን ነው የሰማው። አሁን ከወንበሩም ተነሥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል ብዬ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ታይፕ የተማርኩት ጎንደር ነው፤ የተቀጠርኩትም እዚያው። የመጀመሪያ አለቃዬ፣ ጸሐፊ ፊደል ስትሳሳት ወረቀቱን ጨምድዶ ፊቷ ላይ የሚወረውር ሰው ነበር። አንድ ቀን ለኔም ወረወረልኝ፤ እኔም መልሼ ወረወርኩለት። ሳምንት ሳይሞላ ለአብዮታዊ ግዳጅ ወደ መተማ ቆላ ተዛውረሻል የሚል ደብዳቤ ወጣብኝ። ደብዳቤውን በታይፕ የመታሁት ራሴ ነኝ። የበረሃ አበል አለው ብለው አጽናኑኝ፤ አበሉ በወባ ኪኒንና በሎሚ ነው የሚያልቀው።

የተመደብኩበት የሰፈራ ጣቢያ ከሸኸዲ፣ የዛሬው ገንዳ ውሃ ማለት ነው፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነበር። በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰዎች በዚያ ጥቁር መሬት ላይ በተርታ በተተከሉ የሣር ጎጆዎች ይኖራሉ። ደገኞች ናቸው፤ ቆላው አልተስማማቸውም። ወባውና ካላዛሩ እየተፈራረቀ ይጥላቸዋል። ያለን የጤና ረዳት አንድ ድሬሰር ነው፤ የጠናበት ሰው ጎንደር ሐኪም ቤት ካልደረሰ አበቃለት።

መድረሱ ነው ችግሩ። መንገዱ ስለሚያሰጋ መኪና የሚሄደው በጦር አጀብ ብቻ ነው። አጀቡ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከበራችን ይነሣል፤ ለማንም አይጠብቅም። ሰፋሪ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ከጣቢያው መውጣት አይችልም። ወረቀት ከሌለው ሊጠፋ ነው፣ ሱዳን ሊሻገር ነው ተብሎ ኬላው ላይ ይወርዳል። በቃሬዛ የተያዘ ሰው የት ሮጦ እንደሚጠፋ እግዚአብሔር ይወቅ።

ይለፉን ቀድሞ በታይፕ ይጽፉት ነበር። ከኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ ለሰው ሲጽፍ ሲጽፍ ከርሞ አንድ ቀን ለራሱም ጻፈና ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ። ከዚያ ወዲህ በታይፕ የተጻፈ ይለፍ ኬላው እንዳይቀበል ታዘዘ፤ የሚያልፈው ኮምፒዩተሩ ያተመው ብቻ ሆነ።

ኮምፒዩተሩን ያመጣው አንድ ከዋጃ ነው፤ ቆላ ላይ ፈረንጁን ሁሉ እንደ ሱዳኖቹ ከዋጃ ነው የምንለው። የእርዳታ እህል ልመዝግብበት ብሎ አመጣው፤ ሁለት ወር ሳይቆይ ወባ ይዞት ሄደ፤ ማሽኑ ቀረ። ማሽኑ በሆዱ የሚይዘው ነገር የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሁሉን ይረሳል፤ በበራ ቁጥር ከዲስኬት እየተነበበለት ከሀ ይጀምራል። የምንጽፍበት ፕሮግራም ደግሞ እንደ ልብስ ስፌት በልክ የሚበጅ ዓይነት ነው። መክፈቻ የምንለው ፋይል ነበረው፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ እሱን መስመር በመስመር እያነበበ የታዘዘውን ሁሉ ይጭናል። ታዲያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንዳንድ መስመር ጨምሮበታል። ከዋጃው የእህል ቅጹን፣ ሥራ አስኪያጁ የሪፖርት ቅጾቹን፣ ካድሬው በኮከብ የተሣለ መፈክር። በዚያ ላይ ፕሪንተሩ አማርኛ ስለማያውቅ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አንድ በአንድ ይጫንለታል። ይህ ሁሉ ተነብቦ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ዘጠኝ ደቂቃ ይወስዳል።

ዘጠኝ ደቂቃ ምን አላት የሚል ይኖራል። ነዳጅ ስለሌለ ጀነሬተሩ ጠዋት የሚሠራው ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ብቻ ነበር። ሕመምተኛው ከየመንደሩ በቃሬዛ የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ድሬሰሩ አይቶ፣ ይህ ይሂድ፣ ይህ ይቆይ ብሎ ስም እስኪሰጠኝ ድረስ መጻፍ አልችልም። አንድ ይለፍ ጽፎ ለማተም ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ከሠላሳው ዘጠኙ ሲነሣ ሰባት ሰው። ስምንተኛው ይቀራል። የቀረው የት እንደሚሄድ ከመስኮቴ ይታየኛል፤ መቃብሩ ከውሃ ታንከሩ ባሻገር ነው።

አንድ ጠዋት ስክሪኑን እየተራገምኩ አቶ ጌታሁን ሰሙኝ። አቶ ጌታሁን የጣቢያው ሬዲዮና ጀነሬተር በእጃቸው የነበረ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነው ያልዞሩበት በረሃ የለም፤ ቀጭን፣ ጥርሳቸው በሻይ የጠቆረ፣ ዝምታ የሚወዱ። «ጥሩዬ፣ ማሽን ይለካል እንጂ አይሰደብም» አሉኝ።

ከዚያ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ስክሪኑ ሥር አጋደሙት፤ ሰማያዊ የተማሪ ደብተርም አወጡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አልነኩም፤ ዝም ብለው ለኩ። እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው እያንዳንዱ መስመር ሲነበብ ሰከንዱን ይጽፋሉ። በደብተሩ አራት ረድፍ አሰመሩ፤ መስመሩ ምንድን ነው፣ ስንት ይፈጃል፣ ጥቅሙ ምንድን ነው፣ ምን አደረግነው።

ሕግ ነበራቸው። በቀን ከአንድ መስመር በላይ አይነካም። የሚወጣ መስመር ከመውጣቱ በፊት በደብተሩ ይገለበጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ማሽኑ ድርግም ተደርጎ ይጠፋል፤ እሳቸው አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀስ ብለው ይጠጣሉ፤ ሻዩ ሲያልቅ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል። ዘግቶ መክፈት አይበቃም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ የሞቀ ሞተር ማንም ያስነሣዋል፣ ሞተር የሚታወቀው በቀዝቃዛው ነው አሉ። ልኬቱን የሚሠሩት ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ውሃ ለመሳብ ሲነሣ ነው። የውሃው ሰዎች ቶሎ በሉ እያሉ ሲጮሁ እሳቸው ሻያቸውን እፍ እያሉ ይጠጣሉ። ያናድዱኝ ነበር።

የመፈክሩ ነገር ግን እስካሁን ያስቀኛል። ኮከቦቹ ስክሪኑ ላይ ተሥለው እስኪያልቁ አንድ ደቂቃ ይበላሉ። ማን ደፍሮ ያጥፋው፤ መፈክር አጠፉ ተብሎ ሰው የት እንደሚገባ እናውቃለን። አቶ ጌታሁን አላጠፉትም። ከመክፈቻው አንሥተው ወደ መዝጊያው አዛወሩት፤ ሥራ አልቆ ፕሮግራሙ ሲዘጋ እንዲወጣ። ካድሬው መጥቶ ሲጠይቅ፣ የቀኑ የመጨረሻ ቃል እንዲሆን ብለን ነው አሉት፤ ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ።

ቅጾቹንም እንደዚያው፤ ስንፈልጋቸው ከሁለተኛው ዲስኬት እንዲጠሩ አደረግን። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥረን በይለፍ ውስጥ የሚገቡትን ብቻ መክፈቻው ላይ ተውን፤ ሌላው ሲያስፈልግ ይመጣል። እዚህ ላይ ሌላ ሕግ አስተማሩኝ፤ የጎደለ ነገር መጮህ አለበት። ያልተጫነ ፊደል ሲገኝ ፕሪንተሩ ባዶ ቦታ ትቶ እንዳያልፍ፣ በቦታው ጥቁር ሳጥን እንዲያትም አደረጉት። ጴጥሮስ የሚባል ሕመምተኛ መጣ፣ ስሙ በጥቁር ሳጥን ጀምሮ ወጣ፤ አየሁ፣ ጴን ጠራኋት፣ ደግሜ አተምኩ።

ከወር በላይ ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ዘጠኙ ደቂቃ ሦስት ሆነ፤ ሰባቱ ሰው ዘጠኝ ሆነ። መጀመሪያ ዘጠኝ የላክን ዕለት ዘጠነኛው አንድ ሆዳቸው ያበጠ ሽማግሌ ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ በእግራቸው መጥተው ሁለት እጄን ሳሙኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ አቶ ጌታሁን ለጀነሬተሩ መለዋወጫ ፍለጋ ጎንደር ሄዱ። በሄዱበት ሳምንት ዘጠነኛውን ይለፍ ሳትም ሰዓቱ ሞላና ጀነሬተሩ ቆመ፤ ወረቀቱ ከግማሽ በታች ነጭ ሆኖ ቀረ። ባለ ወረቀቱ ካላዛር የያዘው ጎልማሳ ነበር። አልተሳፈረም፤ በሦስተኛው ቀን ከታንከሩ ባሻገር ወሰዱት። የጎደለኝ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ያቺን ከአንድ ደቂቃ ያነሰች ነገር ካላገኘሁ ብዬ ደብተሩን ገለጥኩ።

አገኘኋት። «ቀን መጠየቂያ፣ አርባ ሰከንድ» ይላል። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቀን፣ ወር፣ ዓመት በፈረንጅ ይጠይቀናል፣ ልክ ነው ወይ ብሎ ይደግማል፣ ከዚያ ወደኛ አቆጣጠር ይመልሰዋል። ከጎኑ በአቶ ጌታሁን እጅ «አይነካም» የሚል አለ። ጥቅሙ የሚጻፍበት ረድፍ ግን ባዶ ነው። ቀን የምታስሞላ መስመር ብትወጣ ማን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገርና ሌላም ነገር ነበረብኝ፤ አቶ ጌታሁን ሲመለሱ እኔም ያለሳቸው አንድ ነገር ሠርቼ ላሳያቸው ፈለግሁ።

ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲነሣ ማሽኑን አስነሣሁ፣ እንደ ወትሮው ቀኑን ሞላሁ፣ መስመሯን አወጣሁ። በደብተሩ አልገለበጥኳትም። ፕሮግራሙን ዘግቼ መልሼ ከፈትኩት፤ ሳይጠይቀኝ ተከፈተ። አንድ ይለፍ ለሙከራ አተምኩ፤ የዕለቱ ቀን በትክክል ወጣ። ማሽኑ ለካ ቀኑን እያወቀ ነው የሚያደክመን አልኩ። ያወቀው እኔው ራሴ ከሩብ ሰዓት በፊት ስለነገርኩት ነው። ማጥፋት ነበረብኝ፤ ሻይ መጠጣት ነበረብኝ። የውሃው ሰዎች በቃሽ ሲሉኝ በቃኝ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ የአጀቡ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል። ዘጠነኛዋ ዘይነባ የምትባል ሴት ናት፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ፣ ልጁ አልወጣ ብሎ በቃሬዛ ያመጧት። ድሬሰሩ ዛሬ ጎንደር ካልደረሰች አለቀላት አለኝ። ባሏ ሰይድ ቃሬዛውን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ፣ «አብሽሪ፣ ደረስን እኮ» ይላታል።

ማሽኑ ከመቼውም ይልቅ ፈጥኖ ተከፈተ። ዘጠኙንም አተምኩ፤ የዘይነባ ወረቀት ሲወጣ ጀነሬተሩ ገና ይሠራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙ የሚያርፈው ከቀኑ አጠገብ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ መታሁ፣ ዘጠኝ ጊዜ አላየሁም። ወረቀቱን ለሰይድ በእጁ ሰጠሁት። ምርቃቱን ተቀብዬ ኮርቼ ቁርሴን በላሁ።

ሰይድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ማንበብ አይችልም፤ ጣቱን ግን ልክ ቀኑ ላይ አሳረፈ፤ የኬላው ወታደር አሳይቶታል።

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከእጅሽ የተቀበልኳት ዛሬ ጠዋት አልነበረም?» አለኝ።

አየሁት። ዓመቱ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ማሽኑ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ቀኑን ካልነገሩት ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የመጀመሪያ ቀን ያትማል። ጣቢያው እንኳ ያኔ አልተቆረቆረም። ኬላው ላይ ዘጠኙንም፣ የሐሰት ወረቀት ይዛችኋል ብለው አወረዷቸው፤ አጀቡ ጥሏቸው ሄደ። ስምንቱን መልሰው አመጧቸው፣ በሚቀጥለው አጀብም ሄዱ። ዘይነባ ኬላው አጠገብ ካለ ግራር ሥር፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከነልጇ ሞተች። የቀበሯትም እዚያው ነው።

«ዛሬ ነው የተቀበልከኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። አርባ ሰከንድ ልቆጥብልህ ብዬ ነው ይባላል? ወረቀቱን አልወሰደም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ወጣ።

የደህንነቱ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አፋጠጠኝ። አሻጥር ነው እንድለው ነው የፈለገው፤ ማን አዘዘሽ፣ ከማን ጋር ነው ይላል። ማንም አላዘዘኝም፣ ቸኩዬ ነው አልኩት። ሊያምነኝ አልቻለም፤ ሰው ቸኩሎ ይህን ያህል ያጠፋል ብሎ መቀበል ከበደው። እኔም በልቤ አሻጥር ቢሆን ይሻል ነበር ብያለሁ፤ አሻጥር ቢሆን ጠላት ነው የገደላት። በመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የግማሽ ወር ደመወዝ ቅጣት ወሰኑብኝ። ያንንም ደብዳቤ ያተምኩት ራሴ ነኝ።

አቶ ጌታሁን ሲመለሱ ሁሉን ሰምተው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማሽኑን አጠፉ፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ አስነሡት፣ የተሳሳተውን ቀን አዩ። መስመሯን በእጃቸው ከነበረችበት መለሱ። ከዚያ ሰማያዊውን ደብተር ወደኔ ገፉት።

«ምክንያቱን ሳልጽፍልሽ መሄዴ የኔ ነው፤ ቀሪው ያንቺ ነው። ሙዪው» አሉኝ።

ጥቅሙ የሚለው ረድፍ ባዶውን ቁጭ ብሏል። እስክርቢቶውን ይዤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ። «ስሟን ጻፊ» አሉኝ። ቀን መጠየቂያ፣ አርባ ሰከንድ፣ አይነካም፤ ከጎኑ ዘይነባ ብዬ ጻፍኩ። ደብተሩን ዘግተው ብብታቸው ሥር አድርገው ወጡ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አንሥተውብኝ አያውቁም። ወረቀቱን ግን እኔ አስቀምጬዋለሁ፤ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የአጀብ ቀን ጠዋት ሰይድ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ አየሁት። የዘይነባ ወንድም አብደራፊ በሚባል አገር የሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው፤ እህቱ መሞቷን አልሰማም። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሄዶ ራሱ ሊያረዳው ነው። ለዚያም ይለፍ ያስፈልገዋል። ከኔ በቀር የሚጽፍለት የለምና መጣ።

ቀኑን ለማሽኑ ነግሬው ነበር። አተምኩ፣ አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። ከዚያ እስክርቢቶ አንሥቼ ከታተመው ቀን ሥር በእጄ ቀኑን ጻፍኩበት። ቀን በእጄ ደግሜ መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

«ቀኗ የዛሬ ናት?» አለኝ።

«የዛሬ ናት» አልኩት።

ተቀበለኝ፤ አጥፎ ኪሱ አልከተታትም። በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ ቀኗን አሳየው፤ ዘበኛው አየና አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀለት። ግቢውን አቋርጦ ወደ ድሬሰሩ ሄደ፤ ድሬሰሩም የዛሬ ናት ሲለው ሰማሁ። እኔ በመስኮቱ አያለሁ። ሰይድ ወረቀቷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ሄደ፤ ከመሳፈሩ በፊት ቆመና ለአንድ ለማያውቀው ወታደር ዘረጋለት።